ስለ ጓሳ ሣርና ስለ ፍርድ

ደጅ ጠኚ የሚናገረው ጌታውን ደስ የሚያሰኘውን ነው፤ ወዳጅ የሚናገረው ግን የሚጠቅመውን ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ ለእናንተ ለወጣቶች እንደ ወዳጅ ለመናገር አስቤአለሁ። የምናገረውም ስለ መሬት፥ ስለ ውሃና ስለ ዛፍ ነው። ስለነዚህ ነገሮች በትምህርት ቤት የተነገራችሁ ግማሹ ብቻ ነው፤ ቀሪው ግማሽ ተሰውሮባችኋል፤ የተሰወረውም ግማሽ ፍርድ ይባላል ብዬ እከራከራለሁ። ክርክሬን እስከ መጨረሻው ሰምታችሁ ከዚያ በኋላ ፍረዱ።

አካባቢን ጠብቁ፥ ችግኝ ትከሉ፥ ቆሻሻ አትጣሉ ትባላላችሁ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዛፍ መትከልን የሚነቅፍ ሰው ቢገኝ ልቡናው የጎደለ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቆ ነበር፤ በዚያም ቀን ተማሪውም ሠራተኛውም ሲቆፍርና ሲተክል ውሎአል። ድካማቸው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ችግኝ ከተተከለ በኋላ የሚመጡ ጥያቄዎች አሉ። የተተከለበት ኮረብታ የማን ነው? ትናንት በዚያ ኮረብታ ላይ በጎቹን ያሰማራ የነበረ ገበሬ ዛሬ ወዴት ይሂድ? ዛፉ ሲደርስ ግንዱን የሚሸጥ፥ ቅርንጫፉን የሚለቅም፥ ገንዘቡን የሚቆጥር ማን ነው? በበጋ ውሃ ያጠጣውስ? እነዚህን ጥያቄዎች በክፍል ውስጥ የሚያነሣ መምህር ከስንት አንድ ነው። ያልተጠየቀ ጥያቄ ደግሞ አይመለስም፤ የማይመለስ ጥያቄም ውሎ አድሮ ቂም ይሆናል። ቂም የበቀለበት ኮረብታ ላይ ችግኝ አይጸድቅም።

ጥያቄው ባለመነሣቱም ትምህርቱ ሳይታወቀው አንድ ወንጀለኛ ፈጥሮአል፤ ይኸውም ገበሬው ነው። ብዙዎቻችሁ እንዲህ የሚል ነገር ሰምታችኋል፤ ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ምድር ከመቶው 40 እጅ በደን የተሸፈነ ነበር፥ ገበሬው ግን በምሳሩ ጨርሶት ጥቂት ብቻ ቀረ ይባላል። ይህ ቁጥር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፥ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ሲገለበጥ ኖሮአል። ጄምስ ማካን የሚባለው የታሪክ ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት የዚህን ቁጥር ምንጭ ቢፈልግ የረጋ መሠረት አጣለት። ዱሮ በአገሪቱ የተዘዋወሩ መንገደኞች የጻፉትንም ሲመረምር፥ በሰሜኑ ደጋ ብዙው ስፍራ ያን ጊዜም ቢሆን እርሻና ግጦሽ እንጂ ጥቅጥቅ ያለ ደን እንዳልነበረ አሳየ። ይህን ስል በአገራችን ደን አልጠፋም ማለቴ አይደለም፤ በደቡብና በምዕራብ የጠፋውን የሚያውቅ ያውቀዋል። የምለው ይህ ነው፤ ልኩ ባልታወቀ ቁጥር አንድን የሕዝብ ወገን ያለ ምስክር በወንጀል መክሰስ ትምህርት አይባልም። ከሳሹ ዳኛም ምስክርም ከሆነ ተከሳሹ ምን ተስፋ አለው?

ለዚህ ክስ ጉልበት የሰጠው አንድ የውጭ አገር ተረት አለ። ጋሬት ሃርዲን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ በፈረንጆች በ1968 ዓ.ም. በአንድ ታላቅ የሳይንስ መጽሔት ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ። ለሁሉ ክፍት የሆነ አንድ የግጦሽ መስክ አለ እንበል፤ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ቢጨምር ትርፉ የብቻው፥ ጉዳቱ ግን የሁሉም ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ይጨምራል፥ በመጨረሻም መስኩ ይጠፋል፤ የጋራ የሆነ ነገር መጥፋቱ አይቀርም አለ። መድኃኒቱም ወይ ለግለሰብ ማከፋፈል፥ ወይ በመንግሥት ሥልጣን ማስገደድ ነው ብሎ ፈረደ። ይህ ተረት በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ተረጋገጠ ሕግ ተሰበከ። የእኛም ልጆች ተማሩት።

ሃርዲን ያላየው ምንድን ነው? እረኞቹ አፍ ያላቸው መሆናቸውን ነው። በተረቱ ውስጥ ያሉት እረኞች ጎረቤት አይደሉም፤ አይነጋገሩም፥ አይወቃቀሱም፥ በሠርግና በለቅሶ አይገናኙም፥ ሽማግሌ የላቸውም። እንዲህ ያለ እረኛ በመንዝም በቦረናም አልታየም። ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባለው ምሁር በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ገበሬዎችና ዓሣ አስጋሪዎች የጋራ ሀብታቸውን በራሳቸው ሕግ ለብዙ ዘመን ጠብቀው እንደኖሩ በማስረጃ አሳይታ፥ በፈረንጆች በ2009 ዓ.ም. የኖቤልን የኢኮኖሚ ሽልማት ተቀበለች። የእኛ አባቶች ግን ይህን ለማወቅ የኖቤልን ሽልማት አልጠበቁም። ስለዚህ አሁን ወደ መንዝ ልውሰዳችሁ።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ምድር ያለ ደጋ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። የመንዝ ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፥ ገመድ ይገምዳል፤ ድርቅ ሲገባ ደግሞ ከብቱን ያሰማራበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ከደጋው የሚፈልቀውም ውሃ ከፊሉ ወደ ዓባይ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

ይህን ደጋ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት እንደ ነበር ይነገራል። አስቦና ጌራ የሚባሉ አባቶች አቀኑት፥ ልጆቻቸውም በአጽመ ርስት ያዙት። ባለ ርስቶቹ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ እርሱም ደጋው የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ያውጃል። ደጋው ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ተዘግቶ ይቆያል። በተዘጋ ጊዜ ከብት ማስገባትም ሣር ማጨድም ክልክል ነው። ሣሩ ደርሶ ሲከፈት ባለ መብቱ ሁሉ ገብቶ ድርሻውን ይወስዳል፤ ቀኑ ሲያልቅ ተመልሶ ይዘጋል። ጥበቃው ተራ እየገባ የሁሉም ነበር፤ ሰርቆ የገባም ይቀጣል፥ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም።

ፍልስፍና የሚባለው በመጽሐፍ የተጻፈው ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህ ልማድ እንጂ ፍልስፍና አይደለም ይሉኛል። እኔ ግን ልማዱን ፈልፍሎ ለሚያይ ሰው ሦስት ሐሳቦች ቆመውበታል እላለሁ። የመጀመሪያው፥ ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ የሚወስነው የሣሩ መድረስ እንጂ የእኔ መቸገር አይደለም የሚል ነው። ይህም ማለት ከሰው ፈቃድ ውጭ የሆነ ልክ በዓለም አለ ማለት ነው። ሁለተኛው፥ የሚጠቀም ይጠብቃል፥ የሚጠብቅም ይጠቀማል የሚል ነው። ጠባቂው አንድ፥ ተጠቃሚው ሌላ ከሆነ ግን ሥርዓቱ ይናጋል። ሦስተኛው፥ የሚከለክለኝ ሰው በስሙ የማውቀው፥ እኔው የመረጥሁት፥ በጎረቤቶቼ ፊት የምጠይቀው ሰው ነው የሚል ነው። በእነዚህ በሦስቱ ሥር ደግሞ አንድ ሌላ አለ፤ አያቶቻችሁ በሁለት ቃል ነግረዋችኋል፤ ነግ በኔ። ዛሬ በጎረቤቴ የደረሰው ነገ በእኔ ይደርሳል፤ ዛሬ የሌላውን ድርሻ ብወስድ ነገ የእኔን የሚወስድ ሰው ይነሣል። ከዚህ የሚበልጥ የፍርድ መሠረት የሚያውቅ ሰው ካለ ያሳየኝ።

እንዲህ ያለው ሐሳብ በመንዝ ብቻ አይገኝም። የኮንሶ ሰዎች ተራራቸውን በድንጋይ እርከን ደርድረው አፈራቸውን አስቀርተዋል፤ የጌዴኦ ሰዎች ቡናውን፥ እንሰቱንና ትልልቁን ዛፍ በአንድ ማሳ አስማምተው ይኖራሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የኮንሶን በፈረንጆች በ2011 ዓ.ም.፥ የጌዴኦን በ2023 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዘገበ። እኛም አጨበጨብን። ነገር ግን ማጨብጨብና መማር ልዩ ልዩ ናቸው። ፎቶግራፉን በግድግዳ ሰቅለን፥ እርከኑ እንዴት እንደሚታደስ፥ ሥራው በማንና በማን እንደሚከፈል፥ ጠብ ሲነሣ ማን እንደሚዳኝ ለልጆቻችን ካላስተማርን፥ ቅርሱን ያወቅነው እንደ እንግዳ ነው።

እስከዚህ ድረስ አባቶቻችንን አመስግኛለሁ። አሁን ግን ምስጋናዬን ብቻ ሰምተው ደስ የሚላቸውን ሰዎች ላስቀይም ነው። ቄሮ አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት። ሥርዓቱ ለባለ ርስቱ ልጅ እንጂ ለሁሉ አልነበረም። ከአስቦ ወይም ከጌራ ዘሩን መቁጠር የማይችል ሰው በዚያው ቀዝቃዛ አየር እየኖረ፥ በዚያው ዝናብ እየራሰ፥ ቤቱን የሚከድንበት ሣር በመብት አያገኝም ነበር። በአገራችን በብዙ ስፍራ እንደ ነበረው፥ ማረሻውን የሚቀጠቅጥ አንጥረኛና ልብሱን የሚሠራ ሸማኔ ርስት አልነበራቸውም፤ በእጃቸው ሥራ የሚጠቀምባቸው ሰው ግን ይንቃቸው ነበር።

ይህ ጉድለት ምን እንዳመጣ ተመልከቱ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ አጽመ ርስት ቀረ፤ ቄሮም የቆመበት መሠረት ተነሣ። ቀድሞ በውጭ የነበረው ሰው ሁሉ ገባ። ጓሳም ከልክ በላይ ታጨደ፥ ታረሰ፥ ተጋጠ። የዱሮውን ዘመን የሚናፍቁ ሰዎች ይህን ሲያነሡ፥ አያችሁ፥ እኩልነት መሬትን ያጠፋል ይላሉ። እኔ ግን ነገሩን በተቃራኒው አየዋለሁ። ሰውን ሦስት መቶ ዓመት ከአጥር ውጭ አቁመህ፥ አጥሩ በፈረሰ ቀን ሣሩን እንዲያዝንለት ትጠብቃለህን? ለእርሱ ሣሩ የጋራ ሀብት ሆኖ አያውቅም፤ የሌላ ሰው ሀብት ነበር። ጥበቃው ፍርድ ስላልነበረበት የሣሩን ጠላት ራሱ አሳደገ። አዋጁም በበኩሉ መብትን ሲሰጥ፥ የሚዘጋና የሚከፍት አለቃና የሚጠብቅ ተራ በአሮጌው ምትክ አላቆመም። እንግዲህ ከሁለቱም የምንማረው ይህ ነው፤ ፍርድ የሌለበት ጥበቃ አይጸናም፤ ጥበቃ የሌለበት ፍርድም የሚካፈለው ነገር አይተርፈውም።

የመንዝ ሰዎች ይህን ከመምህራን ቀድመው ተረዱት። አዋሳኞቹ ቀበሌዎች ተወካዮቻቸውን መርጠው ጓሳን የሚጠብቅ ኮሚቴ አቆሙ፤ የትውልድ ሐረግ መቁጠር ቀርቶ ነዋሪነት መብት ሆነ፤ በኋላም የክልሉ መንግሥት ደጋውን የኅብረተሰብ ጥበቃ ስፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። ችግሩ ሁሉ አለቀ አልልም፤ ቀይ ቀበሮው ግን እስከ ዛሬ በዚያ አለ። የአባቶችን ጥበብ ይዞ የአባቶችን በደል መተው የሚቻል መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ከደጋው ወርደን ወደ ከተማ እንግባ፤ ምክንያቱም ከእናንተ ብዙዎቹ የከተማ ልጆች ናችሁ፥ ስለ ሣር የተነገረው ነገር ለገጠር ብቻ የሚሆን ሊመስላችሁ ይችላል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው ይወርዳሉ። በመንገዳቸውም የፋብሪካውን ዝቃጭ፥ የቆዳ ፋብሪካውን ኬሚካል፥ የመኖሪያ ቤቱን ፍሳሽ ይቀበላሉ። በታችኛው በኩል ያለው አትክልተኛ ጎመኑንና ሰላጣውን በዚያ ውሃ ያጠጣል፤ በልዩ ልዩ ጊዜ የተደረጉ ምርመራዎች በውሃው፥ በአፈሩና በአትክልቱ ውስጥ ለጤና የሚያሠጉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ከላይ ያለው ያተርፋል፥ ከታች ያለው ይታመማል። ፋብሪካው በላይ፥ አትክልተኛው በታች የሆነው በዕጣ ነውን? ድኻ የሚሰፍረው መሬቱ በሚረክስበት ስፍራ ነው፤ ምክንያቱም ሌላውን ስፍራ የሚከፍልበት ገንዘብ የለውም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸው ሴቶችና ሕፃናት ብዙዎች ነበሩ። ያ ተራራ የተከመረው ከሃምሳ ዓመት በላይ ነው፤ የከመርነውም የከተማው ሰዎች ሁሉ ነን። የትላልቁ ቤት ትርፍራፊ፥ የሆቴሉ ድግስ፥ የሱቁ ላስቲክ ሁሉ ወደዚያ ሄደ። በሞቱት ላይ የወደቀባቸው የሌላ ሰው ጥጋብ ነው። ይህን ነገር አደጋ ብቻ ብሎ ማለፍ ዳኝነትን መሸሽ ነው፤ አደጋ የሚባለው ማንም ሊያውቀው የማይችለው ነገር ነውና። ቆሻሻ ክምር በላዩ ሲከመርበት ከፍ እንደሚል፥ ከፍ ያለም እንደሚናድ የማያውቅ ማን ነው?

ስለ እድራችንም አንድ ነገር ልናገር። እድር ታላቅ ነገር ነው፤ ያለ ጽሕፈት ቤትና ያለ ወታደር ሰውን በወር መዋጮ አስተሳስሮ የሚያኖር ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑን ይተክላል፥ ወንበሩን ያወጣል፥ ያስተዛዝናል። ነገር ግን የሞተውን ለመቅበር እንዲህ የሚተጋ ማኅበር፥ ጎረቤቱ በሚጠጣው ውሃ እየታመመ ሳለ ከመሞቱ በፊት ለምን አይሰበሰብም? ነግ በኔ ማለት ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማን ነው? እድር ስለ ወንዙ ቢመክር፥ ዝቃጩን የሚለቀውን ፋብሪካ ሽማግሌ ልኮ ቢጠይቅ፥ ባይሰማው ወደ ዳኛ ቢያቀርበው የእድርን ሕግ አያፈርስም፤ ይፈጽመዋል እንጂ።

እዚህ ላይ የሚቃወሙኝ ሰዎች እንዲህ ይላሉ። አገሩ ድኻ ነው፤ ፋብሪካ ያስፈልገዋል፤ ስለ ወንዝ ስትጨነቅ ወጣቱ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ክርክር አክብሮት አለኝ፤ ሥራ ማጣት ራሱ በሽታ ነውና። ነገር ግን እኔ ፋብሪካው ይዘጋ አላልሁም። ትርፉን የሚወስድ ሰው የዝቃጩንም ዋጋ ይክፈል ነው ያልሁት። ፋብሪካው ዝቃጩን ሳያጣራ ሲለቅ ወጪው አልቀረለትም፤ አትክልተኛው በሆዱ፥ እናቲቱ በልጇ ሕመም ይከፍሉታል። ስለዚህ ርካሽ ነው የሚባለው ዕቃ ርካሽ አይደለም፤ ዋጋው ለሌላ ሰው ተላልፎ ነው። የመንዝ አባቶች ይህን ስርቆት ይሉት ነበር።

እንግዲህ ከትምህርት ቤት የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መምህሩ ስለ አፈርና ስለ ውሃ ሲያስተምር ሦስት ጥያቄዎች ይጨምር፤ የሚወስድ ማን ነው? የሚጎዳ ማን ነው? የሚዳኝ ማን ነው? ስለ ወንዝ ሲያስተምር ተማሪዎቹን በወንዙ ዳር ከላይ እስከ ታች ይውሰዳቸው፥ በታች የሚኖሩትንም ሰዎች ቃል ያስጽፋቸው። ስለ ደን ሲያስተምር ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ጠርቶ በቀበሌው የነበረውን የግጦሽና የውሃ ሕግ ያስነግር፤ ከዚያ ሕግ ውጭ የቀረው ማን እንደ ነበረም አይሸሽግ። ልጁ የአያቱን ጥበብ ከነጉድለቱ ካወቀ ለማክበርም ለማረምም ይበቃል። ጥበቡን ብቻ ካወቀ ትምክህተኛ ይሆናል፤ ጉድለቱን ብቻ ካወቀ ስደተኛ ይሆናል፤ በአገሩ ቁጭ ብሎም ቢሆን።

ከእናንተ ከወጣቶችም የምለምነው አንድ ነገር አለ። በአገራችን፥ ያባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚል ክፉ ምሳሌ አለ። ብዙ ሰው እየሳቀ ይናገረዋል፤ ሳቁ ግን የሃርዲንን ተረት እውነት ያደርገዋል። ተራራውን ቆርጠው የሚሸጡ ሰዎች፥ ወንዙን የሚያቆሽሹ ሰዎች፥ የጋራውን መስክ በሌሊት አጥር የሚያጥሩ ሰዎች ሁሉ በዚህ ምሳሌ ይጽናናሉ፤ እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል ይላሉ። እናንተ ይህን ምሳሌ አትናገሩ፤ ሲነገርም አትሳቁ። በምትኩ ተናጋሪውን በሰው ፊት፥ ቤቱ የአባትህ ከሆነ ለምን በሩን አትዘጋም ብላችሁ ጠይቁት። በሩንም ለመዝጋት በተነሣችሁ ጊዜ፥ ከደጅ የቀረ ወንድም ወይም እኅት እንዳለ አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ካለ አስገቡት፥ የጥበቃውንም ተራ አብራችሁ ስጡት።